ሶስና ስትጠራ

ዛሬ ጠዋት ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ስጠብቅ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። በወጣትነቴ ልጆች ያስተማርኩበት የኢንተርኔት ጨዋታ ሊዘጋ ነውና ያስቀመጣችሁትን ድምፅ አውርዱ ይላል። ማኪያቶው መጥቶ ቀዘቀዘ።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነ አንዲት ክፍል፣ ለሰፈሩ ልጆች የክረምት ትምህርት እሰጥ ነበር፤ የዓለምን ሕዝቦች ባህል በኢንተርኔት ጨዋታ። ከላምበረት በታክሲ መጥቼ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ፣ ትኩስ የበቆሎ ጥብሴን እየጋጥኩ እደርሳለሁ። ልጆቹ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ የጃፓን ተማሪ ምሳ ዕቃ ያሰናዳሉ፣ ሌላ ቀን የብራዚል ከበሮ ይመታሉ። ጫጫታቸው ለጉድ ነበር።

ከሁሉም የምታሳስበኝ ሜሮን ነበረች። ስምንት ዓመቷ ነው። መንትያዋ ሶስና ግንቦት ላይ በድንገት ታማ ከሞተች ወዲህ ቃል ከአፏ አልወጣም። እናቷ፣ «እባክሽ ልጄ፣ ከልጆች ጋር ስትጫወት ምናልባት አፏ ቢፈታ» ብላ አመጣቻት። እኔም እንድትናገር አደርጋታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ድፍረቴ!

አንዱ ጨዋታ «ስትጠራ ምን ትላለህ?» የሚል ነበር። የልጆቻችንን ስም ዝርዝር እንልካለን፤ ሌላ አገር ያሉ ልጆች ስሞቹን እየጠሩ ቀድተው ይልኩልናል። የኛዎቹ እንደ አገራቸው ይመልሳሉ፣ ኮምፒውተሩም ይቀዳል።

«ቲቸር» አለኝ ናሆም የሚባል ቀልቃላ ተማሪዬ፣ «የማይታይ ሰው ሲጠራን አቤት አይባልም። ይወስዳል!»

«አንተ ደግሞ! የምን መውሰድ?» ብዬ ሳቅሁበት። እኔም እኮ ይህንኑ እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ሰማዩ ጠቁሮ ክፍሉ ጨለምለም ብሏል። ልጆቹ እየፈሩም እየሳቁም አንድ በአንድ መለሱ። ከዚያ ኮምፒውተሩ፣ በሩቅ አገር ልጅ አንደበት፣ «ሶስና» አለ።

ክው አልኩ። ዝርዝሩን የገለበጥኩት መንትዮቹ አብረው ከተመዘገቡበት ከሚያዝያው ምዝገባ ነበር፤ ስሟን አልሰረዝኩትም። ላጠፋው ስደናበር ደግሞ «ሶስና» አለ። ልጆቹ እርስ በርስ ተሸጎጡ።

«አቤት» አለች አንዲት ልጅ ከጥጉ።

ሜሮን ነበረች። ልትወስዳት መጥታ በሩ ላይ የቆመችው እናቷ ጃንጥላዋን ጣለችው። የመንትዮቹ ድምፅ አይለይም ነበር።

«ሶስና?» አለች እናትየው።

«እኔ ነኝ እማ» አለች ሜሮን። «ሶስና ዝም ስትል ጊዜ ነው የመለስኩላት።»

እናቷ እያለቀሰች አቀፈቻት። ሜሮን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተናገረች፤ እኔም ደስታዬን አልቻልኩትም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቅጂውን ከፈትኩት። አቤት፣ ይላል። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ፣ ዝግ ብሎ፣ ደግሞ አቤት። በስመ አብ! በክፍሉ ውስጥ የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የቆርቆሮው ማስተጋባት ነው ብዬ ዘጋሁት፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቅጂውንም ለማንም አላሰማሁም።

ዛሬ ለሜሮን ደወልኩላት። አሁን ትልቅ ሴት ናት፣ ወሬም አይቸግራትም። ያን ቀን የቀዳነው ድምፅ ሊጠፋ ነው፣ ልላክልሽ ወይ አልኳት።

«የመጀመሪያው የኔ ነው ቲቸር» አለችኝ። «ሁለተኛውን ብቻ ይላኩልኝ።»

ሁለተኛውን ቆርጬ ላክሁላት። ያን ቀን የናሆምን ምክር ሰምታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ዝም እንዳለች ትቀር ነበር። እኔ ግን ከጀርባዬ ሲጠሩኝ፣ ዞሬ ሳላይ አቤት አልልም።