ሰፋ ያለ ቦታ

ለምን እንደወፈርኩ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አልመልስም፤ የራሴ ጉዳይ ነው። ልብሴን የምገዛው እኔ፣ ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከውም የኔው ደረት ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ለዓመታት ስሠራ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ወይም እንግዳ አስቀይሜ አላውቅም። ሂጃቤን አስተካክዬ፣ ፈገግ ብዬ ቆሜ እውላለሁ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እስኪመጣ ድረስ ኪሎዬን ከሥራዬ ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ሰውየው የመጣው ጥምቀት ሲቃረብ ነው። ያን ሰሞን ለበዓሉ ቀሐ ወንዝ የሚወርደው እንግዳ ሁሉ ማደሪያ ስለሚፈልግ ክፍሎቻችን አስቀድመው ይያዛሉ። እሱ ግን ክፍሎቹን ሳያይ እኛን አየ። ቀጠን ቀጠን ያሉትን ልጆች ከምግብ አዳራሹ እያወጣ እንግዳ ፊት ያቆማቸው ጀመር። አንድ ጠዋት ስገባ በር ላይ ተገናኘን። ዘበኛው በሩን ከፍተው ይዘውልኛል። ሥራ አስኪያጁ ከላይ እስከ ታች አየኝና ፈገግ አለ።

«አንቺማ እንዲህ ወፍረሽ ያ ጠረጴዛ አይበቃሽም። ሰፋ ያለ ቦታ እንፈልግልሻለን» አለኝ።

ሰፋ ያለው ቦታ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። አንሶላ ማጠብ ነውር ሆኖ አይደለም፤ እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ከእሱ የተሻሉ ሰዎች ናቸው። ግን የተቀጠርኩት ለእንግዳ መቀበያ ስለሆነ አልወርድም አልኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። «ሥራዋን በብቃት መወጣት ባለመቻሏ» ይላል። ስለ ውፍረት አንድም ቃል የለበትም።

አባቴ ነጋዴ ነው፤ ከሰው ጋር መካሰስ አይወድም። «ሱቁ አለልሽ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ያ ሥራ የኔ ነበር። የማንም ልጅ ሳልባል፣ በራሴ ልፋት ያገኘሁት ሥራ ነው። እንዲመለስልኝ ፈለግሁ።

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ባለሙያ ነገሬን ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችኝ።

«ሕጉ ውፍረትን በስም አይጠራም፣ እህቴ» አለችኝ። «ግን አሠሪ ደስ እንዳለው አያሰናብትም። ምክንያቱ ከጠባይሽ፣ ከሥራ ችሎታሽ ወይም ከድርጅቱ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ያሰናበቱሽ በሰውነትሽ ምክንያት መሆኑን የሚመሰክር ሰው አለሽ?»

የነበረኝ አንድ ሰው ነው፤ ዘበኛው። ከዳባት ገጠር የመጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ሰው ናቸው። ምስክርነቱ ሥራቸውን እንዳያሳጣቸው እየፈራሁ ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው።

«ምነው አልመሰክር?» አሉ። «የሰማሁትን ቃል በቃል እናገራለሁ።»

ይህ በቂ መሰለኝና ሌላ ነገር ሳልጠይቃቸው ወጣሁ።

ፍርድ ቤት ከሰስኩ። የቀጠሮው ቀን ሥራ አስኪያጁ ከጠበቃ ጋር መጣ። እኔ ጠበቃ አልነበረኝም። ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ትንፋሽ ለትንፋሽ ነው የተቀመጥነው። ዘበኛው ማሉ። ዳኛዋ «ምስክርሽን ጠይቂ» አለችኝ።

«ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ሲሰድበኝ ሰምተዋል?»

«ኧረ አልሰማሁም።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ያን ጠዋት፣ አያ! በሩን ይዘውልኝ ሳለ!»

«ያን ጠዋትማ ነበርኩ። ስድብ ግን ከአፉ አልወጣም። ምያለሁ፣ ሐሰት አልናገርም።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን ከድኖ ወደ ኋላ ተደገፈ። ሥራ አስኪያጁ ያንኑ ፈገግታውን ፈገግ አለ። ገዝተዋቸዋል አልኩ በልቤ። ሽማግሌውን እዚያው ቆሜ ጠላኋቸው። ሌላ ጥያቄ አለሽ ስባል የለኝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ዳኛዋ ራሷ ጠየቀቻቸው። «አባት፣ ካልሰደባት ታዲያ ምን አላት?»

«አመሰገናት እንጂ!» አሉ። «ወፍረሻል አላት። ጠረጴዛው አይበቃሽም፣ ሰፋ ያለ ቦታ እንፈልግልሻለን አላት። ሸጋ ነገር ነው። ልትሾም ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ሁለታችንም መረቅናት።»

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ጠበቃው ቀና ብሎ ተቀመጠ። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም።

«ይህን ያላት ከመሰናበቷ በፊት ነው?»

«አዎ። በዚያው ሰሞን ነው የጠፋችብን።»

ዳኛዋ ጻፈች። ከዚያ ወደ ጠበቃው ዞራ ሥራዬን አለመቻሌን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠየቀችው። ወረቀቶቹን ገለጠ፣ መልሶም ገለጠ፤ ያቀረበው ነገር የለም።

በእሳቸው አገር ሰው ወፈረ ማለት ተመቸው፣ ቤቱ ሞላ ማለት ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ የእንፍራንዝ ዘመዶቻችንም ሲያገኙኝ እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ንዴቴ ግን ሁሉም ሰው በኔ ጆሮ የሚሰማ አስመስሎብኝ ነበር።

ስንወጣ ዘበኛው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ምነው እንዲያ ሳቁብኝ?»

ነገርኳቸው። ሰፋ ያለ ቦታ ያለው የቱን እንደሆነም ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አደረጉ።

«ሲያላግጥብሽ ነዋ» አሉ። «እኔ ደግሞ ከጎኑ ቆሜ ስስቅ።»

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ ተባለ። አልሐምዱሊላህ አልኩና ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

የተመለስኩ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሰላምታ ሳይሰጠኝ አለፈ፤ እሱን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ዘበኛው እንደ ወትሮው በሩን ከፍተው ያዙልኝ። «እንደምን አደርሽ» ሲሉኝ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ክሱ እስኪያልቅ አባቴ ሱቅ ተቀምጬ ስለከረምኩ ውፍረቴ ጭራሽ ብሶብኛል፤ ልቀልድባቸውም፣ ምርቃቴን ልቀበልም ፈለግሁ።

«ወፍሬያለሁ አይደል፣ አያ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉኝ። «አላየሁም።»