መቀመጫው ሥር ያለው ሽቦ

ቅዳሜ ሰኔ ስድስት ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከጄኔቫ ወጣ ብሎ ከሜራን ወዲያ ባለች መንደር፣ በወንድሜ ጓሮ ውስጥ፣ የሣር ማጨጃ ትራክተር የአንዲት ሴት ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ቆረጠ። ሴትዮዋ እንግዳ ነበረች።

እንግዳ መሆኗን አስቀድሜ የምጽፈው በዚያው ቀን ለፖሊስ የተነገረው ሌላ ስለነበረ ነው።

ሴትዮዋ አርባዎቹን አጋምሳለች። ግራንድ ሳኮኔ ውስጥ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ታበስላለች፣ ትተኩሳለች፣ ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች። እዚህ አገር የምትኖረው በዚያ ሥራ ምክንያት በተሰጣት የመኖሪያ ፈቃድ ካርት ነው። ሥራው ሲቀር ካርቱም ብዙ አይቆይም። ከአሠሪዋ ቤት ውጭ ደግሞ ለአንድ ሰዓት እንኳ መሥራት አትችልም፤ ሠርታ ብትገኝ ያባርሯታል። ወንድሜን ያወቀችው በቤተ ክርስቲያን ነው። ሚስቱ ስትታመም እየተመላለሰች አስታማለች፣ ስትሞት ከእኛ ጋር አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ቀን ስታገኝ ብቻውን ነው ብላ ትጠይቀዋለች። ጋሼ ነው የምትለው።

ወንድሜ ጡረተኛ ነው። ልጆቹን ያሳደገው ለ ሊኞን በሚባል ሰፈር፣ በዚያ ማለቂያ በሌለው ረጅም ሕንፃ፣ ከላዩም ከሥሩም ጎረቤት ተደራርቦ ነው። ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱ ጋር ጓሮ ያለው ቤት ገዙ። ጓሮው ሰፊ ነው፤ ከበረንዳው ጀምሮ እስከ አጥሩ በር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች አንድ ፖርቱጋላዊ እየመጣ ያጭደው ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ወንድሜ "ራሴ አጭደዋለሁ" አለ። ደስ አለኝ፤ ከቤት የሚያስወጣው ነገር ማግኘቱ ጥሩ መሰለኝ።

የምኖረው ዙሪክ ነው። ትራክተር ለመግዛት እኔ ጋ መጣ፤ ማሽን ከጀርመንኛ ተናጋሪ ነው የሚገዛው ብሎ ያምናል። ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ሱቅ ይዤው ሄድኩና እኔ እያስተረጎምኩ ሻጩ በትዕግሥት ጠየቀው። ጓሮው ምን ያህል ይሰፋል? ቁልቁለት አለው? የአጥሩ በር ስንት ሜትር ነው? ዛፍ አለ?

"ለዚህ ጓሮ የሚገፋ ማጨጃ ይበቃዎታል" አለ ሻጩ በመጨረሻ።

"መግፋት ካማረኝ ጋሪ አለ በይው" አለኝ ወንድሜ።

ይህን አልተረጎምኩም።

ሻጩ ሁለት ትራክተሮች አሳየን። አንደኛው ማርሽ የለውም፤ በእግር ሲረግጡት ይሄዳል፣ እግር ሲያነሡ ይቆማል። ሁለተኛው በእጅ የሚገባ ማርሽ አለው፤ አንዴ ማርሽ ከገባ ፍሬን እስኪረገጥ ድረስ ይሄዳል። ሻጩ ለቁልቁለት የመጀመሪያው ይሻላል አለ። ወንድሜ ደግሞ ማርሽ የሌለው መኪና የሕፃን መጫወቻ ነው አለ። ሁለተኛውን መረጠ። በዚህም ቢሆን ምንም አይደለም፤ በአግባቡ ከተነዳ ሁለቱም ደህና ማሽን ናቸው። ሻጩ ከመሸጡ በፊት ወንድሜን ትራክተሩ ላይ አስቀምጦ ሞተሩን አስነሣ፣ ስለቱን አሽከረከረ፣ ከዚያም "አሁን ከመቀመጫው ይነሡ" አለው። ወንድሜ ተነሣ። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። መቀመጫው ሥር የሰው ክብደት ሲለቀው ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ አለ።

"ይቺን አይንኳት" አለ ሻጩ። ይህንን ተርጉሜዋለሁ። በሚገባ።

ስለ እንክብካቤው ወንድሜን የሚወቅሰው ሰው የለም። አጭዶ ሲጨርስ ስለቶቹን የሚሸፍነውን የብረት ሳህን ከሥሩ ይፍቃል፤ እርጥብ ሣር ተጋግሮ ካደረ ብረቱን እንደሚበላው ያውቃል። ስለቶቹን ፈትቶ ያስላል፤ ሲስል ሁለቱን ጎኖች እኩል ያደርጋል፣ አለዚያ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ዘይት ይለውጣል፣ የአየር ማጣሪያውን ያራግፋል፣ ጎማዎቹን ይለካል። ክረምት ሲገባ ቤንዚኑን አፍስሶ፣ ባትሪውን ፈትቶ ቤት ውስጥ ያሳድረዋል። የገዛ መኪናውን እንደዚህ አይይዝም። ስልክ ስደውልለት ስለ ካንዴላ ነው የሚያወራኝ።

ችግሩ የጀመረው ከአጥሩ ውጭ ባለው መንገድ ነው። ጎረቤቶች ውሾቻቸውን ይዘው ያልፋሉ፤ በአብዛኛው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ወንድሜ ደግሞ ሰው ቆሞ እሱ ተቀምጦ ሰላምታ መስጠት አይችልም። አባታችን ለሕፃን ልጅ እንኳ ከመቀመጫው ብድግ ይል ነበር፤ እኛንም እንዲሁ አሳደገን። አሮጊቷ "ቦንዡር" ስትል ወንድሜ ትራክተሩ ላይ ብድግ ይላል። ሞተሩ ይጠፋል። ይቀመጣል፣ ያስነሣል። ሽማግሌው ይመጣል። ብድግ። ይጠፋል።

"ሰው ባለፈ ቁጥር ይሞትብኛል" አለኝ በስልክ።

"አትነሣ፤ እጅህን አንሣላቸው።"

"ቁጭ ብዬ?"

"ቁጭ ብለህ! ትራክተር ላይ ያለ ሰው ነህ፣ ማን ይታዘብሃል?"

"አንቺ ዙሪክ ሄደሽ ባለጌ ሆነሽ ቀረሽ" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የጉዳዩ መጨረሻ መሰለኝ።

መጨረሻው ግን ሌላ ነበር። ለ ሊኞን የሚኖር የድሮ ጓደኛ አለው፤ ድሮ አየር ኃይል ውስጥ ቴክኒሻን የነበረ፣ የሁሉንም ሰው ዕቃ በነፃ የሚጠግን፣ ለዚህም ሁሉም የሚያከብረው ሰው። ወንድሜ ችግሩን ነገረው። ጓደኛው መጣና መቀመጫውን ገልብጦ ከመሣሪያው የሚወጡትን ሁለት ገመዶች በአንድ ቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ በናስትሮ ጠቀለለው። ከዚያ በኋላ ሰው ኖረም አልኖረም ለሞተሩ ሁልጊዜ ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል። ወንድሜ እንደ ልቡ ብድግ ማለት ጀመረ።

የሰኔ ስድስቱን ሴትዮዋ ሆስፒታል ተኝታ የነገረችኝን ነው የምጽፈው፤ ወንድሜም በኋላ በአንድም ነገር አላስተባበላትም። ሌሊቱን ዘንቦ ሣሩ እርጥብ ነበር። ወንድሜ ማሽን ማስነሣት የሚከለከልበት የመንደሩ የቀትር ጸጥታ ሳይጀምር ለመጨረስ ይቸኩላል። እሷ የጾም ሳምቡሳ በፌስታል ይዛ በአጥሩ በር ገባች። እሱ ከላይ ወደ ታች እያጨደ ነበር። ሲያያት ባርኔጣውን አውልቆ ብድግ አለ።

"ኖር!"

"በእግዜር፣ ጋሼ! ኧረ ይቀመጡ!"

ማርሹ እንደገባ ነው። ስለቱ ይሽከረከራል። ወንድሜ በአንድ እግሩ ፍሬን ረግጦ በሌላው ቆሞ ሲያጎነብስ ፍሬኑን ለቀቀው፤ ትራክተሩ ቁልቁል ወረደ፣ እሱ ተንሸራቶ ከማሽኑ ፊት ሣሩ ላይ ወደቀ። ማሽኑ ያለ ሰው ቀጠለ። እሷ ጋሼ ላይ እንዳይወጣባቸው ብላ መሪውን ልትይዝ ሮጠች። እርጥቡ ሣር አዳለጣት፤ ለመደገፍ የዘረጋችው እጅ ከብረቱ ሳህን ሥር ገባ።

ወንድሜ መጀመሪያ አምቡላንስ ጠራ። ቀጥሎ የደወለው ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ያለውን ወንድሜ ራሱ ነግሮኛል፦ ስለ ሽቦው ትንፍሽ እንዳትል፤ ስታግዘኝ ነበር በል፤ የተጋገረ ሣር ላውጣ ብላ እጇን ከተተች በል። ወንድሜም ለፖሊሶቹ እንዲሁ አለ። በቀናው ፈረንሳይኛው።

በማታው ባቡር ጄኔቫ ገባሁ። ሆስፒታል ስደርስ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ገና ሰላም ሳልላት "እትዬ፣ ማዳም ደውለው ነበር" አለችኝ።

"ምን አሉ?"

"'ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ቤት ትሠሪ ኖሯል?' አሉኝ። ፖሊስ ነው መሰለኝ የነገራቸው። 'ኧረ እንግዳ ሆኜ ነው የሄድኩት' ብላቸው 'እንግዳ ሣር ያጭዳል?' አሉኝ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ጋሼን ግን እንዳያስቸግሯቸው። ደንግጠው ነው።"

በሕይወቴ ብዙ ዓይነት ውሸት ሰምቻለሁ። የሚያናድደኝ ለተጎጂው ተቆርቋሪ መስሎ የሚመጣው ነው። "ስታግዘኝ ነበር" የሚለው ቃል ምስጋና ይመስላል፤ እሷን ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ እንዳለች ከሥራዋ፣ ከካርቷና ከአገሩ የሚያስወጣ ቃል ነው። ያ ቃል እስካልተነሣ ድረስ እንግዳ ነበረች ብሎ የሚያምናት አሠሪ የለም።

በማግሥቱ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ጓደኛውም እዚያ ነበር። ማንንም ሳላናግር ወደ ዕቃ ቤቱ ገባሁና መቀመጫውን ገለበጥኩ። ናስትሮው ገና አዲስ ነበር። ከነሽቦው ፎቶ አንስቼ ወጣሁ።

"ሰላምታ የለም እንዴ?" አለ ጓደኛው።

"ጋሼ፣ ይህን ሽቦ እርስዎ ነዎት ያሰሩት?"

"ምን አለበት? ጄት እንኳ እንዲህ ስናስነሣ ኖረናል።"

"ጄቱ ውስጥ ሳምቡሳ የያዘች ሴት አልነበረችም።"

"አደጋ ነው፣ እህቴ። ከእግዜር የመጣ ነው። እኛ ደግሞ እናስታርቃለን፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሣዋን ትካሣለች፣ በቤታችን ያልቃል። ፈረንጅ ፊት ምን ያሯሩጠናል?"

"እሷ ከማን ጋር ተጣላችና ነው የምትታረቀው?"

ወንድሜ አልተላጨም፤ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ድምፄን አላነሣሁም፤ ብናደድ የሚጎዳው እሷን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ተናድጄ ነበር። አሁን ስጽፈውም እንደተናደድኩ ነኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ ለአሮጊቷ ውሻ ጎታች ብድግ ለማለት ሞተሩን አታለልክ። እሺ። ይህችኛዋ ደግሞ ሚስትህን ያጠበች ናት። ስለ እሷ ምን ብለህ ተናገርክ?"

"ምን ልበል? ሰው ሲመጣ ቁጭ ልበል?"

"አዎ! ቁጭ በል! ወይ ፍሬን ረግጠህ፣ ስለቱን አቁመህ፣ አጥፍተህ ተነሣ። ክብር ማለት እሱ ነው። ማሽን ሳያጠፉ ብድግ ማለት ክብር አይደለም።"

"አንቺ ልጅ..." አለ ጓደኛው።

"እርስዎ ቆይተው ይናገራሉ። ለፖሊስ።"

ሌላ ቤት ስትሠራ ነበር ከተባለች ሥራዋም ካርቷም እንደሚቀር ለወንድሜ ነገርኩት። "ካርቷን ይነጥቋታል እንዴ?" አለ። አላወቀም ነበር። ለሦስት ዓመት ቤቱ የምትመጣ ሴት በምን እንደምትኖር አንድም ቀን አልጠየቀም። ከማሽኑ ስለት ይልቅ ይህ አስቆጣኝ፤ የካንዴላውን ክፍተት ግን በቃሉ ያውቃል።

ሰኞ ጠዋት አብረን ሄድን። ለፖሊሱ ሁሉንም ተናገረ፦ እንግዳ መሆኗን፣ ብድግ ማለቱን፣ ሽቦውን፣ ማን እንዳሰረው፣ ውሸቱንም። ፖሊሱ ከነበረበት ወንበር ተነሥቶ መስኮት ከፈተ፣ ተመልሶም ተቀምጦ እንደገና ከመጀመሪያው ጻፈ። ጓደኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን አያነጋግረውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም "ወንድሟን ለፈረንጅ ያሳጣች" የሚሉኝ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይበሉ።

ማክሰኞ ወደ ግራንድ ሳኮኔ ሄጄ አሠሪዋን ደጃፋቸው ላይ አነጋገርኳቸው። ማዳም ጨዋ ናቸው፤ ጭማቂ አቀረቡልኝ። ይዤላቸው የሄድኩትን፣ ወንድሜ ለፖሊስ አስተካክሎ የሰጠውን ቃል አነበቡ። "አሁን እናምናታለን" አሉ። ቀጥለውም ሐኪሙ እጇ እስኪድን ወራት ይወስዳል እንዳላቸው፣ ቤቱ ደግሞ ያለ ሰው መዋል እንደማይችል ነገሩኝ። እያወሩኝ ሳለ ከኩሽናው አንዲት ወጣት ሴት ብርጭቆውን ልትወስድ መጣች። እሑድ ማታ ነው የገባችው። የሴትዮዋ ልብሶች በሁለት ሻንጣ ተከተው መተላለፊያው ላይ ቆመዋል።

ሻንጣዎቹን ወንድሜ በመኪናው መጥቶ ወሰደ። ከሆስፒታል ስትወጣ ልጆቹ ያደጉበትን አልጋ አነጠፈላት። ትራክተሩ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ቀረ፤ ሣሩን እንደገና ፖርቱጋላዊው ያጭደዋል። ሴትዮዋ በግራ እጇ መጻፍ ተለማምዳለች። የማውቃቸውን አሠሪዎች ሁሉ ጠየቅሁ፤ አንዳንዶቹ እጇን ማየት ይፈልጋሉ፣ ካዩ በኋላ ግን መልሰው አልደወሉም።

ሌላ አሠሪ እንድትፈልግ የተሰጣት ጊዜ መስከረም ውስጥ ያበቃል። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ አላገኘችም።