የምትኩ ጠያቂዎች

ቅዳሜ ጠዋት ከጅማ መናኸሪያ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተነሳሁ። የምሄደው ሚዛን ከተማ ታስሮ ያለውን ታናሽ ወንድሜን ምትኩን ለመጠየቅ ነው። ምትኩ ቴፒ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ቡና ተክሎ የሚኖር ሰው ነው። አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «የታሰሩት ልጆች ለምን ፍርድ ቤት አይቀርቡም?» ብሎ ጠየቀ። በሳምንቱ ራሱ ታሰረ። እሱንም ፍርድ ቤት ያቀረበው የለም፤ ይኸው ክረምቱ አልፎ ቡና ለቀማ ደረሰ።

እኔ ጅማ ጨርቅ እሸጣለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፣ አልክድም። የምትኩ ነገር ሲነሳ ግን «ዝም በይ፣ እንዳይብስበት» የማይለኝ ዘመድ የለም። ትልቅ ሰው የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ያልረገጥኩት ደጅ የለም፤ መልሱ ሁሉ «እናያለን» ነው። በመጨረሻ ሚስቱ ብርቄ ደወለች። «እትዬ፣ የሰፈሩ ሰው መኪና ተከራይቶ በየእሁዱ አብሮኝ እየሄደ ነው፤ አንቺም ነይ» አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣዬን ማውረድ ጀመርኩ።

ቦንጋ ለምሳ ቆምን። ቆጮ በጎመንና በአይብ በላሁ፤ ዋጋው ከጅማ ይሻላል፣ አይቡማ አይወዳደርም። መኪናው ሲነሳ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «ለንግድ ነው?» አለኝ። «ወንድሜ ታስሮ ልጠይቀው ነው» አልኩት። «በምን?» አለ። «በመናገር» ስለው ፊቱን ወደ መስኮት አዞረና እስከ ሚዛን አልመለሰውም። ይመቸው! ከኋላ የነበረች ሴትዮ ግን ትከሻዬን ነካ አድርጋ ሙዝ ሰጠችኝ።

ከቦንጋ ወዲያ መንገዱ ጫካ ለጫካ ይጠማዘዛል። በየደጃፉ ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ዝናብ ጣል ባደረገ ቁጥር ሰው ሁሉ ላስቲክ ይዞ ይሮጣል። ሚዛን ስደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። በባጃጅ ወደ አማን በኩል ወጥቼ አልጋ ያዝኩ። በሶ፣ ሳሙናና ሹራብ ይዤለት ስለመጣሁ አናናስ ብቻ ጨመርኩበት።

እሁድ፣ በሩ ላይ

የቴፒዎቹ መኪና ከእኔ ቀድሞ እስር ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ብርቄ፣ አስተማሪው፣ የባጃጅ ነጂው፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው፣ አንድ አራስ ሳትቀር ከነልጇ። አስተባባሪያቸው ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ቡና ነጋዴ ናቸው። ገና ሰላም ብለውኝ ሳይጨርሱ መመሪያ ሰጡኝ።

«አንሳደብም፣ አንጮህም። መታወቂያችንን ይዘን ተራ እንጠብቃለን፤ የማን ጠያቂ ናችሁ ሲሉን ሁላችንም የምትኩ ነን። ስንወጣ ደግሞ እያንዳንዳችን ፍርድ ቤት መቼ ነው የሚቀርበው ብለን እንጠይቃለን። በቃ።»

«ይኼ ብቻ?» አልኩ።

«ይኼን በየሳምንቱ ሳትቀሪ አድርጊውና እናያለን» አሉኝ። ያ «እናያለን» እዚህም ተከትሎኝ መጣ፤ መታወቂያዬን አውጥቼ ተሰለፍኩ።

የበሩ ጠባቂ ሲያያቸው ራሱን ያዘ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ዛሬም ምትኩ?»

«ዛሬም።»

«ኧረ ሌላም እስረኛ አለ!»

«ለጊዜው እሱ ይበቃናል።»

ጠባቂው እየሳቀ ገባ። ሲመለስ ግን ሳቁ የለም። «ምትኩ እዚህ የለም» አለ።

ወይኔ! እስረኛ ላለው ሰው ከዚህ የከፋ ቃል ያለ አይመስለኝም። ብርቄ ምሳ ዕቃውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። የጋሽ ሸምሱ መመሪያ ከአእምሮዬ ጠፋ። «የት ወሰዳችሁት? ወንድሜን የት አደረሳችሁት?» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ሸምሱ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ መለሱኝና ራሳቸው ቀረቡ። «ምትኩ የት ነው?» አሉ በቀስታ። ከሳቸው ቀጥሎ አስተማሪው ይህንኑ ጠየቀ። ከዚያ አራሷ። ከተራው የወጣ አልነበረም። ጠባቂው ላብ በላብ ሆነና አለቃውን ጠራ።

አለቃው ወጥቶ «ተፈቷል! ማለዳ ሸኝተነዋል። ምን እንሁንላችሁ?» አለ።

እልል ያለ የለም። «ተፈቷል» ተብሎ ሌላ ቦታ ታስሮ ስለተገኘ ሰው ሁላችንም ሰምተናል። ስልኩን ገና ሲይዙት ወስደውበታል፤ የቴፒ ኔትወርክም ከትናንት ጀምሮ እምቢ ብሏል። ማንን እንጠይቅ? ያለን አማራጭ ቴፒ ሄዶ ማየት ነው።

ሸኮን አልፎ

እኔም በእነሱ መኪና ገባሁ። የሸኮን ከተማ አልፈን ወደ ቴፒ ስንወርድ ሙቀቱ ይቀበላል፤ እኔ ግን ይበርደኝ ነበር። ብርቄ እጄን ጨብጣ ይዛለች። ባይኖርስ? ብርቄ ዘመድ ቤት ለተወቻቸው ልጆች ምን እንላለን?

መኪናው ሰፈር ገብቶ ሳይቆም ብርቄ ዘለለች። በሩ እንደቆለፈችው ነው። በረንዳው ላይ፣ ባልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ በጀንፈል ጆንያዎች ላይ፣ አንድ ጺማም ሰው ጫማውን አውልቆ ተኝቷል። ጩኸቷ ቀሰቀሰው።

«የት ሄዳችሁ ነው እናንተ?» አለ ምትኩ ዓይኑን እያሸ። «ሰፈሩ ባዶ! አንድ ሰው ውሃ የሚሰጠኝ ልጣ?»

«አንተን ልናስፈታ ነዋ!» አልኩና አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ እንዲህ ከስተህ እያልኩም ተቆጣሁት።

«ሸኮ ላይ እኮ ተላልፈናል» አለ። «በሚኒባሱ መስኮት እጄን አውጥቼ ጮህኩ። ጋሽ ሸምሱ አዩኝና ሰላም ብለውኝ አለፉ!»

«ሰው ሰላም ሲለኝ ምን ላድርግ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «በዚያ ጺም ማን ያውቅሃል?» መንደሩ በሳቅ ፈረሰ።

ማታ ምሳ ዕቃው ተከፍቶ ሚዛን ደርሶ የተመለሰውን ምግብ በላን። «ምን አስፈታህ?» አልኩት። «አላውቅም» አለኝ። «ግን እሁድ እሁድ ስሜ ከበሩ ይጠራል፤ ገብቼ ሳልቀመጥ ደግሞ ይጠራል። መርማሪው አንድ ቀን፣ አንተ ማነህ ቴፒ በሙሉ የሚጠይቅህ፣ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲያናግረኝ አንቱ ማለት ጀመረ።»

ጅማ

ሰኞ ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ተኛሁ፤ እንደዚያ ከተኛሁ ቆይቻለሁ። እኔ የተማርኩት ይኼን ነው፦ ትልቅ ሰው ስፈልግ የከረምኩለትን ሥራ፣ ከታሰረ ሰው ጋር መታየት ያልፈሩ ጎረቤቶች ይዘውት ኖሯል። እነሱ ብቻ አስፈቱት አልልም። ብቻውን ግን አልተዉትም።

ማክሰኞ ሱቅ ስከፍት አንዲት እናት ገብታ ነጠላ የምትመርጥ መሰለች። ቀና ብላ «ወንድምሽ ወጣ አሉ። የኔም ልጅ…» አለችና ዙሪያዋን አየች።

«ማን ይባላል?» አልኳት።

ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ።

«እናቴ፣ ጮክ ብለሽ ጥሪው» አልኳት።

የያዘችውን ነጠላ አስቀመጠች። ከዚያ በሙሉ ድምፅ የልጇን ስም ከነአባቱ ጠራች። በጎን ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቆመ። «ምን ሆነ ልጁ? የት ነው ያለው?» አለና ወንበሩን ይዞ መጣ።