የኔታ ሐጎስና የአባቴ ደብዳቤ

ልጅ ሳለሁ የገዛ ስሜን መጥራት እፈራ ነበር። «ትርንጎ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት «ት» ከጥርሴ ጋር ተጣብቃ አልላቀቅ ትለኛለች፤ አንገቴ ተወጥሮ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስታገል የሰፈሩ ልጆች ከበው ይስቁብኛል። ስለዚህ ዝምታን ለመድሁ። ሰው ሲጠይቀኝ እናቴ ትመልስልኛለች፤ እሷ ከሌለች ራሴን እነቀንቃለሁ።

ያኔ ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ ከርሞ ነበር። አባቴ ጠመንጃውን አንግቶ በረሃ ገብቷል፤ በደብረ ኤልያስ በኩል የነበረው ቤታችን ተቃጥሎ እኔና እናቴ ከተማ ገብተን በአንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት እንኖር ነበር። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ትሸጣለች። የማን ሚስት እንደሆነች ለማንም አትናገርም። ሲጠይቋት «ባሌ ሞቷል» ትላለች፤ እንዲያ ባለች ቁጥር ጓዳ ገብታ ስታማትብ አያታለሁ።

የካቶሊክ መነኮሳት ከከተማው ዳር ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። እናቴ እዚያ ያስገባችኝ ለትምህርቱ ብላ አይደለም፤ ለተማሪ ቀን ቀን ሾርባና ዳቦ ይሰጣል መባሉን ሰምታ ነው። የንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ «ሃይማኖቷን ሊያስለውጧት ነው!» ብለው ተቆጧት።

«አባቴ፣ ማተቧ አንገቷ ላይ ነው፤ ሆዷ ግን ባዶ ነው» አለቻቸው።

ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን ለጣልያን ባንዲራ እጃችንን ወደ ላይ እንዘረጋለን። ይህን ለእናቴ በስንት መከራ ያስረዳኋት ቀን፣ የጠላ ጋኗን እያጠበች «እጅሽን ዘርጊ፤ ልብሽን ግን ሰብስቢ» አለችኝ። ከሰልፉ በኋላ ፊደልና ንባብ፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ ከምሳ በፊት የጣልያንኛ ቃላትና መዝሙር ነበረን፤ ዓርብ ደግሞ ሴቶቹ ስፌት እንማራለን፣ ወንዶቹ የመነኮሳቱን የአትክልት ቦታ ይኮተኩታሉ። ትምህርት ቤቱን የሚመሩት፣ እኛ እማሆይ ሮዛ የምንላቸው ቀጭን መነኩሲት፣ በየወሩ መጨረሻ ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ስም ጽፈው ከምሳ በኋላ ለአንድ ሽማግሌ መምህር ያስረክቧቸዋል። የእኔ ስም በመጀመሪያው ወር ተጻፈ። ፊደሉን አንድ በአንድ ለይቼው ነበር፤ ግን ጮክ ብዬ ማንበብ ስላልቻልሁ ማንም አላወቀልኝም።

ሽማግሌው መምህር ሐጎስ ይባላሉ። ከአካለ ጉዛይ የመጡ ካቶሊክ ናቸው፤ አማርኛቸው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። እኛ ግን የቄስ ትምህርት ቤት ልማድ ይዞን «የኔታ» እንላቸው ነበር፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይሰማሉ። የሚያስተምሩን ቀድሞ እህል ይቀመጥባት በነበረች፣ መስኮቷ ከሰው ፊት በማትበልጥ ክፍል ውስጥ ነው። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ገና በቀትር ሲጠቁር ፋኖሱን ይለኩሱና ከመሃላችን ባለው ምድጃ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይጨምራሉ። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ዝናብ የጠጣው ልብሳችን ከላያችን ላይ እየተነነ፣ ጉልበታችንን አቅፈን ፍሙን ከበን እንቀመጣለን።

አለንጋ አልነበራቸውም። ተረት ይነግሩናል፤ መሃል ላይ ሲደርሱ ያቆሙትና «እሺ፣ ከዚያስ?» ብለው አንዳችንን ያያሉ። ተረኛው አንድ ነገር ይጨምራል፤ ከዚያ የተናገርነውን እንጽፋለን፣ የጻፍነውን እናነባለን። እንዲህ እየሆነ ስንቱ ሰነፍ የተባለ ልጅ በራሱ አፍ የወጣውን ቃል እያነበበ ማንበብ ቻለ!

የእኔ ተራ የደረሰ ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አጠገቤ ያለው ልጅ ቃሉን ሊጨርስልኝ ሲል የኔታ እጃቸውን አነሱበት።

«ተው፤ የሰው ቃል መቀማት ዳቦውን ከመቀማት ይከፋል» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ትርንጎ፣ ቃሉን አትግፊው። መጀመሪያ ተንፍሺ፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ቃሉን ትንፋሽሽ ላይ አስቀምጪው። እኛ የምንሄድበት የለንም» አሉኝ።

ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠበቁኝ። በመጨረሻ «ጦጣዋም ወረደች» አልሁ። ማንም አልሳቀም። ያን ቀን ቤት እንደገባሁ ለእናቴ «ጦጣዋም ወረደች» ብላት ደንግጣ «የቷ ጦጣ?» አለችኝ፤ ከዚያ ምን እንደሰማች ሲገባት ማሰሮውን አስቀምጣ አቀፈችኝ።

ተረቱ ይህ ነበር። የወንዝ ዳር እንስሳት ወንዙ ምን እንዳሰበ ጠይቃ እንድትመጣ ጦጣን ላኳት፤ ጦጣዋም ወረደች። ወንዙም «ዛሬ እሞላለሁ፤ ወደ ኮረብታው ውጡ በያቸው» አላት። ጦጣ ግን ከውኃው ዳር ያለውን የሾላ ዛፏን መልቀቅ ጨነቃት። ተመልሳ «ደህና እደሩ ብሏችኋል» አለች። ሲነጋ ሾላውም የለ፣ ግልገሎቿም የሉ። የኔታ ሐጎስ ይህን ጨርሰው ምክር አላከሉም። ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና «ጦጣዋ ክፉ አልነበረችም፤ ዛፏን ወደደች» ብቻ አሉ።

በዓመቱ፣ ከደብረ ኤልያስ ጌሾ እያመጣች ለእናቴ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቤታችን መጣች። እስከዚያ ድረስ ከአባቴ የምታደርስልን «ደህና ነው» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ያን ዕለት ግን ከጌሾው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ከበረሃ የመጣ ደብዳቤ ለቄስም ሆነ ለጎረቤት ማሳየት ደግሞ ያሰቅላል። ሴትዮዋ ስትሄድ በሩን ቀርቅራ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

«ትችዪዋለሽ?»

ተነፈስሁና ጀመርሁ። «ይድረስ ለባለቤቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ።» እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ዓይኔ ግን ከምላሴ ቀድሞ ወደ ታች ወርዶ ነበር። «ትርንጎ የጠላት ትምህርት ቤት ገብታ ለባንዲራው እጇን ታነሣለች ሲሉ ሰማሁ። በጓደኞቼ ፊት አንገቴን ደፋሁ። ይህ በደረሰሽ ቀን ከዚያ ቤት አውጫት» ይላል።

ቆምሁ።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«ትማር ይላል» ብላት ማን ያውቅብኛል? በዚያ ቤት ውስጥ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርሁ። ያችን ጭስ የጠገበች ክፍል፣ ቃሌን እስክጨርስ የምጠበቅባትን ብቸኛ ቦታ፣ እንዴት በገዛ አፌ ልዝጋት? ግን የአባቴ ፊት መጣብኝ፤ ጦጣዋን አምነው ከወንዙ ዳር የተኙት እንስሳትም ታዩኝ። አነበብሁት። «አውጫት» ላይ ምላሴ ተያዘ። እናቴ እስክጨርሰው ድረስ ጠበቀችኝ።

«ይህን ልትዘልዪው ትችዪ ነበር እኮ» አለችኝ።

«አ-አዎ» አልኋት።

እንባዋን ጠረገች። «የአባትሽ ቃል ነው። ነገ አትሄጂም።»

በአራተኛው ቀን የኔታ ሐጎስ ደጃችን ቆሙ። እናቴ ሽማግሌ በር ላይ ማቆም ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን የጣልያን ደመወዝተኛ ናቸው ብላ ፈራች።

«ልጅቷን አሟት እንደሆነ ብዬ ነው» አሉ።

«ደህና ናት፣ የኔታ። ምክንያቱን ግን ልነግርዎ አልችልም።»

«አይንገሩኝ። ያልሰማሁትን ማንም ከአፌ አያወጣውም» አሉና ደብተሬን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። «ይህን ላድርስ ብዬ ነው። ግማሹ ገና አልተጻፈበትም።» በላዩ ላይ አዲስ እርሳስ አድርገው ሰጧትና ሄዱ።

እናቴ በሩን ዘግታ ደብተሩን ሰጠችኝ። ከዚያ «አንድ ቅጠል ገንጥለሽ ተቀመጪ፤ የምልሽን ጻፊ» አለችኝ። ያለችኝን ዛሬም አልረሳሁትም። «ቃልህን ፈጽሜ ልጅህን አስወጥቻታለሁ። ደብዳቤህን ያነበበችልኝ ግን እሷ ናት። ልትዋሸኝ ስትችል አልዋሸችኝም። ይህንንም የጻፈችው እሷ ናት፤ ያቺ ስሟን መጥራት ያቅታት የነበረችው። የዚያ ቤት ሰዎች ያሰቡትን እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንዱ ሽማግሌ ግን የልጅህን አንደበት ፈቷል። አሁንም ፍረድ።»

መልሱ እስኪመጣ አንድ ወር ሙሉ ጠበቅን። ጌሾ ሻጯ ስትመጣ ወረቀቱ ከበፊቱ ያነሰ ነበር። «ጽሕፈቷን አየሁት። ለጓደኞቼም አነበብሁላቸው። ትመለስ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁላት፤ ሁለተኛውን እናቴ ለምናኝ ነው።

በነጋታው ወደ እህል ቤቷ ስገባ የኔታ ሐጎስ የት ነበርሽ አላሉኝም። ልጆቹን ጠጋ በሉ ብለው ከፍሙ አጠገብ ቦታ አስለቀቁልኝ።

ጣልያን ሲወጣ አባቴ በአንድ እግሩ እያነከሰ ተመለሰ። ቤት ገብቶ ውሎ ሳያድር «ያን ሰው አሳዪኝ» አለኝ። ይዤው ስሄድ በሩ ተቆልፏል፤ ዘበኛው «መምህሩ ወደ አገራቸው ሄደዋል» አለን። አባቴ የጠላት ብሎት በነበረው ትምህርት ቤት በር ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ። የኔታ ከነገሩን ተረት አብዛኛው ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ የዚያ ዘመን ፍርሃትም ቀዝቅዟል። ምስጋናዬ ግን አልቀነሰም፤ ለማን ማድረስ እንደሚገባኝም አላወቅሁም ነበር፣ አንድ እሑድ አባቴ ያደረገውን እስካስታውስ ድረስ። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ቀርቦ «ሐጎስ የሚባሉ ሰው አሉ፤ በጸሎትዎ ያስቡልኝ» አላቸው።

«የየት ሰው ናቸው? ሃይማኖታቸውስ?» አሉት ቄሱ።

አባቴም «የልጄ አስተማሪ ናቸው» አላቸው።