የታጠበችው ቢጫ ከረጢት

ጂንሺያ ጠዋት ስትነሳ ከረጢቷን የልብስ ገመድ ላይ ተሰጥታ አየቻት። በየዓመቱ፣ መኸር በገባ ቁጥር፣ ከመንደሩ ሴቶች ጋር የሙታን ጠባቂ የሚባለውን የዲዛንግን ተራራ በእግሯ ትወጣለች፤ በየቤተ መቅደሱም መነኮሳቱ ከረጢቷ ላይ ቀይ ማኅተም ያሳርፋሉ። ስትሞት ያቺን ከረጢት አንገቷ ላይ አስረው ይቀብሯታል። የወዲያኛው ዓለም ዳኞች ማኅተሙን አይተው መንገድ ይለቁላታል። አሁን ግን ማኅተም የሚባል የለም። ቀዩ ሁሉ ፈስሶ፣ ቢጫው ጨርቅ የተፋቀ ቁስል መስሏል።

ያጠበቻት ምራቷ ሜይፋንግ ናት። ጭስ ጭስ ስለሸተተች፣ ለዛሬው ጉዞ ንጹሕ ትሁን ብዬ ነው አለች። ጂንሺያ የቀረበላትን የሩዝ አጥሚት ገፋ አድርጋ፣ እርጥቧን ከረጢት ከገመዱ መንጭቃ ወጣች። ሜይፋንግም ስንቁን ይዛ ተከተለቻት።

አውቶቡስ ውስጥ የጂንሺያ አፍ ተከፈተ። ይቺ ልጅ ቤቴ ከገባች ያላጠበችው ነገር የለም፣ ድስቱን ጣዕሙ እስኪጠፋ ትፈትገዋለች፣ ቀን ቢሰጣት እኔንም በሳሙና ዘፍዝፋ ታሰጣኛለች እያለች ለጎረቤቶቿ ስትናገር፣ ሴቶቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ሜይፋንግ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

ተራራው ሥር አንድ ነጋዴ ከረጢት ደርድሯል። ሜይፋንግ ሮጣ ሄዳ አንዱን ይዛ መጣች። የሁሉም ቤተ መቅደስ ማኅተም አስቀድሞ ታትሞበታል።

«ይኸው እማዬ፤ አንድም አልጎደለም።»

ነጋዴው ከኋላዋ ቀበል አደረገና፣ «ምን ጉልበትዎን ይጨርሳሉ፣ እማማ? ዳኛው ማኅተም እንጂ እግር አያይ» አለ።

«አንተ ከሱ ጋር ምሳ በልተሃል?» ብላ ጂንሺያ ከረጢቱን ደረቱ ላይ ወረወረችለት። ከዚያ ወደ ምራቷ ዞረች።

«ስሞት ይቺኑ ያጠብሻትን ታስሪልኛለሽ። ሳጥኑ ሳይዘጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹እሷ ተራራውን ወጥታለች፤ ማኅተሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ› ትያለሽ።»

«እሺ፣ እላለሁ።»

«ስወጣ መች አየሽኝ? ያላየ ሰው ምስክር ይሆናል? አብረሽኝ ውጪ።»

ሜይፋንግ ያን ተራራ ረግጣው አታውቅም። ጫማዋም የገበያ ጫማ ነው። የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ሲደርሱ፣ መነኩሴው በደበዘዘው ቀይ ላይ አዲስ ማኅተም አሳረፈ። ሜይፋንግ ግን ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ፣ የተላጠ ተረከዟን ይዛ፣ ትንሽ እንረፍ ብላ ለመነች።

ጂንሺያ እያለከለከች ቁልቁል አየቻት።

«ተነሺ። ያየሽልኝ ገና አንዱን ነው።»