ከማዳበሪያ መጋዘን ወደ ጅዳ

ያስገቡን ቤት እስር ቤት አልነበረም፤ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። በሩ ሲከፈት ዓይኔን ቆጠቆጠኝ፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ደግሞ አናቴን መታኝ። የከሚሴን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ስር መዋል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከኋላዬ የገቡት ሽማግሌ ግን ደፉ ላይ ቆመው፣ ውስጥ ያለውን እስረኛ አንድ በአንድ ሰላም ማለት ጀመሩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። አካም ጅርቱ? ነጋ? ፈያ?»

ሰው ከየጥጉ እየተነሳ ይመልስላቸዋል። ፖሊሱ በሩን መዝጋት አቅቶት ቁልፉን ይዞ ጠበቃቸው። እኔ ለራሴ፣ ይኼው ሰላምታ እዚህም ተከተለኝ፣ አልኩ።

ያሳሰረኝ ሰላምታ ነው። ማለትም አለመኖሩ። ከሚሴ መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቻርጀር እሸጣለሁ፣ የስልክ መስታወት እቀይራለሁ፤ እንጀራዬ ግን የሚወጣው ከጥሪ ነው። ከሰንበቴም በለው ከጨፋ ሮቢት፣ ወደኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ ዐረብ አገር ልጅ አለችው። ኢንተርኔት ሲኖር በኔ ዋይፋይ ፊቷን እያየ ያወራል፤ የሚከፍለኝ የሻይ ዋጋ ነው። ያን ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። የቀረው መደበኛው መስመር ነው፤ እሱ ደግሞ ሂሳብ ሲበላ ጅብ ነው።

የኛ አገር ሰው ስልክ ሲይዝ ጉዳይ አያወራም። ጤናሽ እንዴት ነው፣ አሠሪዎችሽ፣ የአሠሪዎችሽ ልጆች፣ የዚያ አገር ሙቀት። ከዚያ የዚህኛው ይቀጥላል፤ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ በየስሙ። ጉዳዩ ጋ ሊደርስ ሲል መስመሩ ይቆረጣል፤ ጥፋቱም የኔ ይሆናል። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። ጉዳይ ይቅደም፣ ሰላምታ ከተረፈ ይከተል። እናቶች እያጉረመረሙም ቢሆን ለመዱት።

ሽማግሌው የጨፋ ሮቢት ገበሬ ናቸው። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ያገሯን ልጅ አግኝታ ኒካሕ ሊታሰርላት ነው። አሠሪዋ የፈቀደችላት የዚያን ሳምንት ጁምዓ ብቻ ነው። የጎደለው የአባት ቃል ነው፤ እሳቸው ሄደው መቆም ስለማይችሉ እዚያ ያለውን የወንድማቸውን ልጅ በቦታቸው መወከል አለባቸው። ይህን ለማለት ሱቄ መጡ። እኔ፣ መጀመሪያ ቃሉን ይበሉ፤ እሳቸው፣ መጀመሪያ ሰላም ልበላት፤ ስንከራከር የታጠቁ ሰዎች ገብተው እኔንም፣ እሳቸውንም፣ ስልኩንም ወሰዱ።

መርማሪው ልጅ እግር ነው። ክፉ አልነበረም፣ ወንበር ሰጠኝ። ከሱቄ ወደ ውጭ መረጃ እንደሚተላለፍ ደርሰንበታል አለኝ። ለካ ሰው ሲደውል ደጅ ቆሞ የሚሰማ ነበራቸው።

«‹ቀይዋ ወለደች፣ ጥቁሩን ሸጥነው፣ እስከ ሰኞ እንዳትልኪ።› ይኼ ምንድን ነው?»

«ከብት ነው።»

«ሰላምታውስ?»

«ሰላምታ ውድ ነው።»

«ስማኝ፣ እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። እናት ልጇ ጋ ዐረብ አገር ደውላ፣ እንዴት አደርሽ ሳትል ስለ ላም ትጀምራለች?»

ስለ ታሪፍ ነገርኩት። መስመሩ በሰከንድ እንደሚቆጥር፣ ኢንተርኔት ሲዘጋ ሰው እንዴት እንደሚቸገር አስረዳሁት። ባስረዳሁ ቁጥር ሰላይ እየመሰልኩ ሄድኩ። በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ አስበህበታል ማለት ነው፣ አለኝና ወደ መጋዘኑ መለሰኝ።

ሽማግሌው ስለ መታሰራቸው አንድም ቀን አላማረሩም። የሚጠይቁት ጁምዓ ስንት ቀን እንደቀረው ነው። በጠየቁኝ ቁጥር በጣቴ ቆጥሬ እነግራቸዋለሁ፤ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ገብተው ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ቤታቸው ነበሩ።

ሐሙስ ዕለት ንግድ ሸተተኝ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ኩዌት ያለ ወንድሙ ጋ ይደውላል፤ ሁለት ቃል ሳያወራ ሂሳቤን በላው እያለ በር ላይ ይነጫነጫል። በበሩ ስንጥቅ ጠርቼ፣ የውጭ ጥሪ ጥቅል ሳትገዛ በባዶ ነው እኮ የምትደውለው፣ አልኩት። እንዴት እንደሚገዛ አንድ በአንድ ነገርኩት። እስኪጠግብ አውርቶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ከጥቅሉ የተረፈችውን ለሽማግሌው እንዲሰጥ ጠየቅኩት። ብዙም አልተረፈችም አለ። ትበቃለች አልኩ። ጓደኛው ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲሄድ፣ ድምፁ ተከፍቶ፣ እሱ እየሰማ እንዲሆን ተስማማን። ቁጥሩ የተጻፈባት ብጫቂ ወረቀት በሽማግሌው ኮፍያ ውስጥ ነበረች፤ ሲፈትሹን ኮፍያ አላስወለቁም።

እስከዚያ ሰዓት አለማመድኳቸው። አንድ የባቲ ግመል ነጋዴ ድምፁን አቅጥኖ ልጅቷን ሆነልን።

«ሃሎ» ይላል ግመል ነጋዴው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አካም...»

«አይሆንም አባባ። ‹የወንድሜን ልጅ ወክያለሁ፣ ኒካሑ ይታሰር።› አለቀ።»

«ልጄን ልድር ነው ወይስ ፍየል ልሸጥ?»

«ፍየል ሲሸጡማ ከዚህ የበለጠ ያወራሉ።»

መጋዘኑ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ቃሉን ግን ያዙልኝ።

ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ ስልኩን አቀበለን። ጠራ። ተነሳ። ሽማግሌው እኔን እኔን እያዩ፣ ቁርኣን እንደሚያሰማ ደረሳ፣ «የወንድሜን ልጅ ወክያለሁ፣ ኒካሑ ይታሰር» አሉ። ተገላገልን ብዬ ተነፈስኩ።

«ማነህ?» አለች ልጅቷ ከጅዳ።

«አባትሽ ነኝ።»

«አባቴ ሰላም ሳይለኝ አያወራም። ይህን በል ያለህ ማነው? አባቴን ምን አደረጋችሁት?»

ለካ ሁለተኛዋ መርማሪ ጅዳ ተቀምጣለች። ጠባቂው አየኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሽማግሌው እግራቸውን አጣጥፈው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ ወዲያ ወደኔ አልዞሩም።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኢንተላ ኮ። አካም ጅርታ? ጤናሽስ? አሠሪሽ ደህና ናት? ልጆቿስ?»

ወዲያ ማዶ ለቅሶ ተጀመረ። በለቅሶው መሀል ለእያንዳንዱ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እሳቸው አልቸኮሉም። የት ነህ አባ፣ አለቻቸው። ዙሪያቸውን አዩ፤ ጣሪያውን፣ ግድግዳ የተደገፈውን ሰው፣ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀውን ግመል ነጋዴ።

«ከሰው መሀል ነኝ ልጄ። ደህና ሰዎች ናቸው።»

ከዚያ በወሬ ወደ ቤት ገቡ። እናቷ፣ ወንድሞቿ፣ ላሟ። እኔ እጄን አወናጭፋለሁ፤ ማን አይቶኝ። ፍየሎቹ ጋ ደረሱ፤ የትኛዋ እንደወለደች፣ የትኛዋ አጥር እንደምትጥስ። በመጨረሻ፣ «በይ እንግዲህ ልጄ፣ የወንድሜን ልጅ...» ሲሉ መስመሩ ተቆረጠ።

ጠባቂው ስልኩን አየና አለቀ አለ።

«አባባ፣ ፍየሎቹ ምን አገባቸው?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«ያሳደገቻቸው እሷ ናት።»

ያን ምሽት መጋዘኑ ሸንጎ ሆነ። ግማሹ፣ የመጀመሪያው ቃል ይበቃል፣ ድምፁን በኋላ አውቃዋለች፣ አለ። ሌላው፣ ያ በግድ የተባለ ነው፣ በግድ የተባለ አይያዝም፣ አለ። አስገዳጁ እንግዲህ እኔ ነኝ። በመንግሥት ሰላይ ተብዬ፣ በእስረኛ ደግሞ ኒካሕ አፍራሽ ተባልኩ።

ጁምዓ ጠዋት ሽማግሌው ከመጠጫችን ላይ ትንሽ ውሃ ለምነው ታጠቡ። ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱና በሩን ፊት ለፊት ይዘው ተቀመጡ።

«ዛሬ ልጄ ትዳራለች። እንኳን መጣችሁ» አሉ።

መስማቷን እንደማናውቅ በቀስታ ነገርኳቸው።

«ካልታሰረ ነገ አዝናለሁ። ከታሰረ ግን ዛሬ አባቷ አኩርፎ መዋል የለበትም።»

ከየቤቱ የመጣው ምግብ አንድ ላይ ተገለበጠ። ሩዙ ላይ ወጥ፣ ወጡ ላይ ዳቦ፣ ግመል ነጋዴው የደበቃት ቴምር። የሰው ፍሬ ሁሉ እየተነሳ እንኳን ደስ አለዎት አላቸው፤ ለሁሉም በየተራ መለሱ። እኔ ጀሪካኑን አንስቼ እጅ አስታጠብኩ። ሰርግ ቤት ሥራ ፈቶ የሚቆም የለም። ጠባቂው ብላ ቢባል እምቢ አለ፤ በልተን ዱዓ አድርገን እስክንጨርስ ግን በሩን አልዘጋብንም።

በኋላ ሁለታችንንም ለቀቁን። ለምን እንደያዙን የነገረን የለም፤ ለምን እንደለቀቁንም እንዲሁ። ሽማግሌው ቤታቸው ሲደርሱ ኒካሑ በዚያው ጁምዓ መታሰሩን ሰሙ። በየትኛው ቃል እንደታሰረ ግን የነገረን አልነበረም፤ ኢንተርኔቱ ተለቆ ሱቄ መጥተው ልጅቷ ስልኩ ላይ ስትታይ፣ ሳልታገሥ ከጎናቸው ብቅ ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ እንዴት ነህ አለችኝ። ቤተሰብህስ። ሱቁስ። መለስኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

«የመጀመሪያውን ሰምቼዋለሁ» አለች ሲበቃት፤ «ያመንኩት ግን ፍየሎቹ ጋ ሲደርስ ነው። አባቴ ሰው ሲያስገድደው ስለ ፍየል አያወራም። ለአጎቴ ልጅ፣ ቃሉ የአባቴ የራሱ ነው፣ አልኩት።»

ኢንተርኔቱ አሁንም ሲያሰኘው ይዘጋል። ሲዘጋ ደንቤን እናገራለሁ፤ ነጋዴ ነኝ፣ የሰው ገንዘብ ሲቃጠል ማየት ያመኛል። እናቶቹ እሺ ይሉኛል። ከዚያ ስልኩን ይዘው «ጤናሽስ?» እያሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ እኔም ቻርጀር የምደረድር መስዬ ጀርባዬን እሰጣለሁ።