ሻምፒዮን ዝም ያለ ዕለት

ሰፈሩ "ሻምፒዮን" ይለዋል እንጂ ሰውዬው በዕድሜው ከማንም ጋር ተማትቶ አያውቅም። ሶፋ ሰሪ ነው። ያረጀ ሶፋ ገልብጦ የተሰበረ ሞላ ያወጣል፣ ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ጨርቅ ይወጥራል። ሲወጥር ጥቃቅኑን ሚስማር በከንፈሩ ይይዛል፤ ባለቤቱ እንደምትለው ከዚያች ሰዓት በቀር ያ አፍ አርፎ አያውቅም። ወሬው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከዓለም የከባድ ሚዛን ቡጢኞች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? መልሱም አንድ ነው፤ መሐመድ አሊ። ሌላ ስም የጠራ አለቀለት። አንድ ደንበኛ ሳያስበው "ታይሰን" ብሎ ሶፋው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እግሩ ሳይገጠምለት ስንት ቀን ተመላለሰ መሰላችሁ!

በዚህ ጉዳይ ሁሌም ከጎኑ የምትቆም አንዲት ልጁ ብቻ ናት። ነርስ ናት፤ ሌላ ልጅ የለውም። ጎረቤት ሁሉ ሲያፌዝበት "አባዬ ልክ ነው፣ ከአሊ በላይ ማን አለ?" ትላለች፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ታዲያ ይኸው ቡጢ ነው አንድ ጊዜ ጉድ ያደረጋት። ሊያገባት የፈለገ አንድ የባንክ ሠራተኛ እቤት መጣ። አባት ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስተማረው። ማስተማሩ አልበቃ ብሎት የአሊን ግራ እጅ ላሳይህ ብሎ ተነሳና የሰውዬውን መነጽር ከፊቱ ላይ አወረደው። ሰውዬው መነጽሩን ላሠራ ብሎ እንደወጣ ቀረ። መቼም ማን ይፈርድበታል?

አሁን ልጅቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወዳለች። ልጁ እናቱ የሉም፤ አባቱ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እሁድ አባትና ልጅ ለመተዋወቅ ሊመጡ ነው። ዋዜማውን ልጅቷ ወደ አባቷ መሥሪያ ገባች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።"

"ምን ልሁንልሽ የኔ እናት?"

"ነገ ስለ ቡጢ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ማለትስ ይፈቀዳል?" አለ ቅር ብሎት።

"አትቀልድ። ይሄን ልጅ እወደዋለሁ። ይሄም እንደዚያኛው ከሄደብኝ ሁለተኛ ሰው አላመጣም።"

ድምጿ ሲሰበር ሰማ። "ትንፍሽ ብል ምላሴ ይቆረጥ!" ብሎ ማለ።

እሁድ እንግዶቹ መጡ። ሹፌሩ አንገታቸው የወፈረ፣ ትከሻቸው በሩን የሚሞላ ሰው ናቸው። ተቀመጡ። ሻምፒዮንም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ዝም።

"ሶፋው ጥሩ ነው" አሉ ሹፌሩ።

"ጥሩ ነው" አለ ሻምፒዮን።

እንደገና ዝም። አፌን ከከፈትኩ አሊ ያመልጠኛል ብሎ ፈርቷል። ስለ መንገዱ እንዳይጠይቅ ከመንገድ ወደ ሩጫ፣ ከሩጫ ወደ ልምምድ፣ ከልምምድ ወደ አሊ ነው። ስለ ጤና ቢጠይቅም መንገዱ ያው ነው። ባለቤቱ ምግብ አቀረበች፣ ተበላ፣ ተነሳ። ሹፌሩም ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ አንድ ነገር ሊሉ ይከጅላሉ፣ ልጃቸውን ያያሉ፣ ይተዉታል። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ግን እንግዳም ፊት ለፊት ተዘግቶ ከተቀመጠ አፍ ጋር ምን ይሠራል? በመጨረሻ ፊታቸው ጠቁሮ ተነሱ።

"እንግዲህ እንሂድ" አሉ። "ቤቱ እንግዳ የሚወድ አይመስልም።"

ሻምፒዮን ልጁን አያት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ እንባዋ ከዓይኗ ጫፍ ደርሷል። ወይ ጣጣዬ! ስናገር አባረርኩባት፣ ዝም ስል አባረርኩባት! ብድግ አለ።

"ጌታዬ፣ በፈጠረዎት ንቀት አይደለም! ልጄ ስለ ቡጢ እንዳላወራ አስምላኝ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ወሬ አላውቅም፤ ምን ላድርግ!"

ሹፌሩ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እኔንስ ይሄ አስምሎኝ አይደል እንዴ የመጣሁት!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ወንበራቸውንም ሳብ አደረጉ። "ለመሆኑ እርስዎ ማንን ነው የሚያስበልጡት?"

"አሊን ነዋ!"

"አሊ? ጆ ሉዊስ እያለ?"

ጉድ ፈላ! ሹፌሩ ጆ ሉዊስ ሃያ አምስት ጊዜ የሻምፒዮንነት ክብሩን አስጠብቋል አሉ። ግማሾቹ ተጋጣሚዎቹ ማን ያውቃቸዋል አለ ሻምፒዮን። ሹፌሩ አሊ አፍ ብቻ ነው አሉ። ጦርነት አልዘምትም ብሎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ቢነጥቁት ከዓመታት በኋላ ያንን ፎርማንን የሚያህል ጋራ ጥሎ ያስመለሰው በአፉ ነው እንዴ አለ ሻምፒዮን፤ ጠረጴዛውንም መታው። ሁለቱም ላብ በላብ ሆኑ፤ ሁለቱም እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

"ልጅቷ ትፍረድ!" አሉ ሹፌሩ በመጨረሻ።

ሻምፒዮን እጁን አጣጥፎ ደገፍ አለ። ፍርዱን ገና ድሮ አውቆታል። ልጅቷ ወለሉን አየች፤ ከዚያ ቀና አለች።

"ጆ ሉዊስ" አለች።

ሻምፒዮን የታጠፉ እጆቹን ፈታ።

"ለእንግዶቹ ብለሽ ነው አይደል?" አላት ቀስ ብሎ።

"አይደለም አባዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው የማስበው። አሊ ስልህ ፊትህ ስለሚበራ ነው። ላንተ ብዬ ነው።"

በመጀመሪያ ከዳችኝ ብሎ ውስጡ ቆሰለ። ከዚያ ይህን ሁሉ ዓመት እሱ እሷን ሲያሳድግ፣ እሷ ደግሞ እሱን ስታባብል መኖሯ ገባው። ሊያጨበጭቡ እጃቸውን ያነሱት ሹፌር እንኳ ቀስ ብለው አወረዱት።

ሻምፒዮን ወደ ሹፌሩ ዞሮ ጮኸ።

"በሉ ውሰዷት! ጆ ሉዊስ የምትል ልጅ እኔ ቤት ምን ትሠራለች?"

ልጅቷ እየሳቀች እያለቀሰች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሊገፋት ሞከረ፤ እጁ ግን ጭራሽ አጥብቆ ያዛት።

"እሁድ እሁድ ግን አምጡልኝ" አለ ለሹፌሩ። "ገና አላሳመንኳትም።"